እየሄደ ያስቸገረው ቤት

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ስልካችሁ አጠገባችሁ ነው አይደል? ያቺ መዳፍ የምታክል ዕቃ የት እንደቆማችሁ ታውቃለች። የምትሄዱበትን ስትነግሯት «ወደ ቀኝ ይታጠፉ፣ ወደ ግራ ይታጠፉ» እያለች፣ ሳትሰለች፣ ሳትቆጣ በር ላይ ታደርሳችኋለች። ብትሳሳቱ እንኳ አትሳደብም፤ «መንገድ እየቀየርኩ ነው» ብላ እንደ አዲስ ትጀምራለች። ትዕግሥቷን ለእኛም ይስጠን። ግን ሰው ሁሉ ቤታችንን የምታውቅ ይመስለዋል። እሷ ቤት አታውቅም፤ የምታውቀው ራሷን ብቻ ነው። ይቺን ትንሽ ነገር አንድ ሰው ሳያስተውላት ቀርቶ አምቡላንስ የሚያህል መኪና እንዴት እንዳሯሯጠ ልንገራችሁ።

ሲስተር አዋላጅ ነርስ ናት። ሰው ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት፤ ልጆቿ እንኳ ሊቀልዱባት ሲፈልጉ ሲስተር ይሏታል። ሦስቱንም አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ድራ ከጨረሰች በኋላ ቤቱ ጭር ሲልባት፣ ከማዋለጃ ክፍሉ አውጥታችሁ አምቡላንስ ላይ መድቡኝ ብላ ራሷ ጠየቀች። አለቃዋ «በዚህ ዕድሜሽ?» ብትላት «ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ከማይ መንገድ ባይ ይሻለኛል» አለቻት። ከመውጣቷ በፊት ሁልጊዜ ቦርሳዋን ትፈትሻለች፤ ጓንቱ፣ እትብት መቆንጠጫው፣ ንጹሑ ፎጣ፣ በቀዝቃዛ ዕቃ የተቀመጠው መርፌ። ከዚያ እጇን ቦርሳው ላይ ታሳርፍና «አንተ ቅደም» ትላለች። በቃ፣ ጸሎቷ ይቺው ናት።

ሾፌሩን ደግሞ ሰው «ጠቅላላ እውቀት» ነው የሚለው፤ ሲያሳጥሩት ጠቅላላ። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ጓደኛ የለውም። የማያውቀው ነገር የለም፤ ካላወቀም ዝም አይልም። የአምቡላንሱ የኋላ በር በዳሌ ካልተገፋ አይዘጋም፣ የጠቅላላ አፍ ግን በምንም አይዘጋም፣ እያለች ሲስተር ትቀልድበታለች። እሱም ይስቃል። ሁለቱ ይዋደዳሉ።

የዚያን ቀን ጠዋት ዝናብ ዘንቦ አባርቶ፣ ፀሐይዋ ገና መውጣቷ ነበር። ከጥሪ ማዕከል ተደወለ።

«ምጥ ነው» አለች የማዕከሉ ሴት። «ሁለተኛ ልጇ ነው። የመጀመሪያውን ስትወልድ ደም አልቆም ብሏት በስንት መከራ ነው የተረፈችው። አሁን ምጡ ቶሎ ቶሎ እየመጣ ነው አሉ።»

ሲስተር ፊቷ ተለወጠ። እንዲህ ያለችዋ ወላድ ልጁ ዱብ ሲል መርፌው አጠገቧ መሆን አለበት። ከዘገየ ደሙ አይጠብቅም። «አድራሻው?» አለች።

«ባልየውን ስጠይቀው ‹አዲሱ መንደር፣ ፎቁ ጋ› ይላል። አዲሱ መንደር ሁሉም ፎቅ ነው። ሎኬሽን ላክ ብዬው ልኳል፤ ይኸው አስተላለፍኩላችሁ።»

ከመሪው አጠገብ የተሰካችው የጠቅላላ ስልክ ጢን አለች። ካርታው ተከፈተ። ሰማያዊዋ ቀስት እነሱ ናቸው፤ ቀይዋ ነጥብ ቤቱ። ጠቅላላ ሞተሩን አስነሳ፣ ሲስተር የኋላውን በር በዳሌዋ ገፍታ ዘጋችና ከፊት ተሳፈረች።

ሰው ሲጨነቅ ሌላ ወሬ ያምረዋል። ሲስተርም ቀበቶዋን እያሰረች «እኔን የሚገርመኝ» አለች፣ «ያ ሳተላይት የሚሉት ነገር እዚያ ላይ ሆኖ ይሄን ሁሉ ሕዝብ እንዴት ለይቶ ያያል? እሱ የፈጣሪ ሥራ አይደለም እንዴ?»

«አያይም እኮ ሲስተር» አለ ጠቅላላ፣ ጠያቂ በማግኘቱ ደስ ብሎት። «ሳተላይቷ እርስዎ መኖርዎንም አታውቅም።»

«ተመስገን። ታዲያ ምን ትሠራለች?»

«ሰዓት ትናገራለች።»

«ሰዓት ብቻ?»

«‹እኔ እገሊት ነኝ፣ ያለሁት እዚህ ነው፣ ሰዓቱ ይሄ ነው።› ሌት ተቀን ይቺኑ ነው የምትደጋግመው።»

«እንደ አንተ ናት በለኛ።»

ጠቅላላ አልተቀየመም። ሳይረኑን ለቆ ሁለት አውቶብስ ቀድሞ ቀጠለ። «ዝናብ ሲሆን መብረቁ ብልጭ ይልና ነጎድጓዱ ቆይቶ ይመጣል አይደል? ቶሎ ከመጣ ቅርብ ነው፣ ከዘገየ ሩቅ ነው። ይሄንም እንደዚያ ይበሉት። ስልኬ የሳተላይቷን ወሬ ስትሰማ፣ ‹ይሄ ወሬ መንገድ ላይ ምን ያህል ቆየ?› ብላ ታሰላለች። ከዚያ ርቀቱን ታውቀዋለች።»

«ርቀቱን አወቀች እንበል። ቦታውንስ?»

«አንዷ ብቻዋን አትበቃም። ለዚህ ነው ብዙ የሆኑት።»

ሲስተር ትንሽ አሰበችና ሳቅ አለች። «ገባኝ። ልጆቼ እኮ እኔ ስዘገይ የሚያደርጉት ነው። ትልቁ ‹ከእኔ ቤት ከወጣች ብዙም አልቆየች፣ ሩቅ አትሆንም› ይላል። ግን በየት በኩል እንደሆንኩ አያውቅም፤ ከቤቱ ወደ ላይም ልሆን እችላለሁ፣ ወደ ታችም። ሁለተኛዋ ‹እኔ ጋ ለመድረስ ይሄን ያህል ይቀራታል› ትላለች። ትንሿ ደግሞ የእሷን ትጨምራለች። ሦስቱ ተደዋውለው ‹እንግዲያው ገበያው አፍ ላይ ቆማ ከሰው ጋር እያወራች ነው› ይላሉ።»

«ልክ ናቸው?»

«ሁልጊዜ ልክ ናቸው፣ ምን ያደርጋል።»

ጠቅላላ መሪውን መታ አድርጎ ሳቀ። «እኔ ምን ቀረኝ ታዲያ? ግን አራተኛ ያስፈልጋል።»

«አራተኛ አልወለድኩም።»

«የሳተላይቶቹ ሰዓት ዝንፍ የማይል ነው። የስልኬ ሰዓት ግን ርካሽ ናት፣ ትዛነፋለች። እሷ ትንሽ ከተዛነፈች ርቀቱ ሁሉ ይበላሻል። አራተኛዋ ሳተላይት ስትጨመር የስልኬ ሰዓት ይታረማል።»

«እሱማ አማቼ ነው» አለች ሲስተር። «ቤት በገባ ቁጥር ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት ካላስተካከለ አይቀመጥም።»

እየሳቁ ድልድዩ ጋ ደረሱ። እንግዲህ ነገሩ የመጣው እዚህ ጋ ነው።

«ሲስተር» አለ ጠቅላላ። ሳቁ ጠፍቷል። «ቤቱ እየሄደ ነው።»

«የቱ ቤት?»

«የምንሄድበት።»

ሲስተር መነጽሯን አድርጋ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። እውነት ነው። ቀይዋ ነጥብ ቀስ፣ ቀስ እያለች ትሄዳለች።

«ፎቅ ሲበዛ እንዲህ ይሆናል» አለ ጠቅላላ፣ ራሱንም ለማሳመን። «የሳተላይቷ ወሬ ግድግዳ መትቶ ይመለሳል፣ እንደ ገደል ማሚቶ። ስልኩ ርቀቱን ይሳሳትና ነጥቡ ይዘላል።»

«እንዲህ አይዘልም። ይሄ በእግሩ እየሄደ ነው።»

ነጥቡ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። ዋናው መንገድ ዳር ላይ ትንሽ ወዲያ ወዲህ አለ። ከዚያ ድንገት ተፈተለከ።

«አሁን ተሳፈረ» አለች ሲስተር።

የስልኳ ሴት ድምፅ «መንገድ እየቀየርኩ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግማ «መንገድ እየቀየርኩ ነው» አለች። ሲስተር ወደ ባልየው ደወለች፤ ተይዟል። ደግማ ደወለች፤ ተይዟል። መጀመሪያ ሳቋ መጥቶ ነበር፣ ወዲያው ግን ያቺ ሴት ትዝ አለቻት፤ አልጋ ላይ ተኝታ የመኪና ድምፅ የምታዳምጥ ሴት። 

«ምን እናድርግ?» አለ ጠቅላላ። «ነጥቡን ልከተል ወይስ መጀመሪያ የታየበት ልሂድ?»

«ሰው አግኝተው በመኪና እያመጧት ቢሆንስ? መንገድ ላይ ብትወልድስ?» ሲስተር ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች። «ተከተለው።»

ጠቅላላ አዞረ። ነጥቡ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ። ትልቁ ሆስፒታል በር አካባቢ ሲደርስ ቆመ። ሲስተር «ተመስገን፣ አድርሰዋታል» ማለት ስትጀምር ነጥቡ ፊቱን አዙሮ በመጣበት መንገድ ወደ እነሱ መምጣት ጀመረ። ሲመጣ ሲመጣ፣ ሰማያዊዋን ቀስት ሊነካት ሲደርስ፣ በወዲያኛው መስመር አንድ ሞተር ሳይክል ሽው ብሎ አለፈ። ከኋላ የተሳፈረው ሰውዬ የቤት ነጠላ ጫማ ተጫምቷል፣ ያውም በአንድ እግሩ፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይጮኻል።

ጠቅላላ በመስታወት አየው። «ቤቱ አለፈን» አለ።

ሳይረኑን ለቀው ዞሩና ደረሱበት። ሰውየው ከሞተሩ ወርዶ ወደ እነሱ ሮጠ። ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ የሱሪው ጉልበት በነጭ ሲሚንቶ ደርቋል። «ምነው?» አለ እያለከለከ። «ቆሜ እጄን እያወዛወዝኩ ጥላችሁኝ ሄዳችሁ እኮ። እስከ ሆስፒታሉ ነው ያባረርኳችሁ። ዘበኛው ነው ‹ይሄ አምቡላንስ የእናንተ አይደለም፣ ሌላ በሽተኛ የጫነ ነው› ያለኝ።»

«ሚስትህ የት ናት?» አለች ሲስተር።

«ቤት።»

«ከማን ጋር?»

«ከእናቷ ጋር። ትልቁ ልጃችን ትምህርት ቤት ነው።»

«ቤቱስ የት ነው?»

ሰውየው ግራ ገባው። «ሎኬሽን ልኬላችኋለሁ እኮ።»

ጠቅላላ ስልኩን ነቅሎ ወደ እሱ አዞረለት። ቀይዋ ነጥብ አምቡላንሱ ላይ ቁጭ ብላለች። «በላክኸው መሠረት ደርሰናል» አለው። «ቤትህ ይኸው፣ ግባ።»

ሰውየው ገባ። ሲገባ ነው ነገሩ የገባውም። ጠቅላላ እየነዳ «‹አሁን ያለሁበት› የሚለውን ትተህ ‹ተከተሉኝ› የሚለውን ነክተሃል» አለው። «እሱን ስትነካ ስልክህ በሄደበት ሁሉ ነጥቡ አብሮ ይሄዳል።»

«እንድትከተሉኝ ፈልጌ ነዋ።»

«ተከተልንህ።»

ሲስተር ዞር ብላ አየችው። ሊያለቅስ ደርሷል። ከትልቁ ልጇ ጋር እኩያ ይሆናል። «አይዞህ» አለችው። «አሁን ቤቱን አሳየን። ስንተኛው ፎቅ ነው? ምን ምልክት አለው?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ገና መግባታቸው እንደሆነ፣ መንደሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም እንደተቀባ፣ ለፎቆቹም ቁጥር ገና እንዳልተለጠፈ ነገራቸው። «አማቴ ቀይ ብርድ ልብስ ገመድ ላይ ታሰጣለች። ከሥራ ስመለስ እሱን አይቼ ነው የምገባው።»

ጠቅላላ ነዳጁን ረገጠ።

አዲሱ መንደር ገቡ። ሰውየው እንዳለው ነው፤ ግራጫ ፎቅ፣ ከጎኑ ግራጫ ፎቅ፣ ከጀርባው ግራጫ ፎቅ። መስኮቱ ያው፣ ደረጃው ያው፣ ደጅ ያለው የልብስ ገመድ ሳይቀር ያው። ሰውየው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ከገመድ ገመድ ያያል። ነጭ አንሶላ አለ። የልጆች ካልሲ አለ። ቀይ ብርድ ልብስ ግን የለም።

«አስገብታዋለች» አለ ድምፁ እየሰለለ። «ለልጁ ይሞቃል ብላ አስገብታዋለች።»

ሲስተር የሚስቱን ቁጥር ተቀብላ ደወለች። አሮጊት ድምፅ አነሳ።

«አቤት፣ ማን ልበል?»

«የአምቡላንሱ አዋላጅ ነኝ እናቴ። ልጅዎ እንዴት ናት?»

«ግፊ ግፊ እያላት ነው። የት ቀራችሁ? ያ ሰውዬስ የት ገባ?»

«እኛ ጋ ነው።»

«እናንተ ጋ ምን ይሠራል?»

ሲስተር በአንድ እግሩ ነጠላ ጫማ የተጫማውን ሰውዬ አየት አደረገችው። «መንገድ እያሳየን ነው» አለች። እግዜር ይቅር ይበላት።

ከአልጋው በኩል የሌላ ሴት ድምፅ ተሰማ፤ የደከመ፣ ግን የማያወላውል። «እማዬ፣ ስልኩን አምጪው። ሎኬሽኑን እኔ ልላክ።» ሲስተር የጠቅላላን ቁጥር ነገረቻት፤ ትንሽ ማቃሰት ተሰማ። ከዚያ የጠቅላላ ስልክ ጢን አለች።

የመጣው ግን ነጥብ ብቻ አይደለም። በነጥቡ ዙሪያ ሰፊ፣ ፈዛዛ ክብ አለ። መንደሩን በሙሉ አቅፎታል።

«ይሄ ምን ማለት ነው?» አለች ሲስተር።

«‹እዚህ ውስጥ የሆነ ቦታ ነኝ› ማለት ነው። ምድር ቤት ናቸው፤ በላያቸው ያለው ሲሚንቶ ሁሉ የሳተላይቶቹን ወሬ አያሳልፍም። የላከችው ‹ተከተሉኝ› የሚለውን ነው፤ ስልኳ ግን ለጊዜው በግምት ነው የምትናገረው። ደጅ መውጣት አለባት፤ ሰማይ ማየት አለባት።»

«ወላዷ?»

«ስልኳ።»

ሲስተር ነገረቻቸው። እናትየዋ «ልጄን በዚህ ሰዓት ጥዬ የት ነው የምወጣው?» አሉ። ደግሞም እውነት አላቸው፤ እናት ከምጥ አጠገብ አትነሳም። ልጅቷ ግን «ሂጂ እማዬ» አለች። «እኔ የትም አልሄድም።»

በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ ተሰማ። የነጠላ ጫማ ድምፅ ኮሪደሩ ላይ ጠብ ጠብ አለ።

«ሰማይ ይታይዎታል እናቴ?»

«ፎቅ ነው የሚታየኝ።»

«ከፎቁ ራቅ ይበሉልኝ።»

«ጭቃ ነው እኮ።»

«ጭቃውን ይርገጡት፣ እኔ አጥብልዎታለሁ።»

ጥቂት ቆይቶ «ታየኝ» አሉ። «ጠርቷል።»

«ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አድርገው ይያዙት። እኔ እስክልዎት እንዳያወርዱት።»

ከፍ አደረጉት። ድምፃቸው ራቀ፤ አምቡላንሱ ውስጥ ያሉት ሦስቱም ግን ይሰማሉ። «አምላኬ ሆይ» ይላሉ እናትየዋ፣ «እጄን ወደ አንተ የማነሳው ስለምንህ ብቻ ነበር። ዛሬ ዕቃ ይዤ ነው፣ አትታዘበኝ። የላይኞቹም ያንተው ናቸው፣ ቶሎ እንዲሰሙን እዘዛቸው። ልጄን ብቻዋን ትቻታለሁ። አንተ አጠገቧ ቁምልኝ።»

ሲስተር ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ አብራ አሜን አለች። ጠቅላላ ዓይኑን ከስልኩ አልነቀለም። ክቡ እንዳለ ነው። እንዳለ ነው። ከዚያ ትንሽ ጠበበ። «አንዷን ሰማች» አለ ጠቅላላ በሹክሹክታ፣ ሰው እንዳይቀሰቀስ እንደሚፈራ። ደግሞ ጠበበ። ደግሞ ጠበበ። ሰሃን አከለ፣ ሳንቲም አከለ፣ በመጨረሻ ነጥቧ ብቻዋን ድርቅ ብላ ቆመች።

ነጥቧ ያለችው ካለፏቸው ፎቆች ጀርባ፣ በመሃል ካለ ግንብ አጥር ወዲያ ነበር። ጠቅላላ የኋላ ማርሽ አስገብቶ እንዴት እንደወጣ፣ እንዴት ግንቡን እንደዞረ እሱም አያውቀው። ሲደርሱ እናትየዋ ጭቃው መሃል ቆመዋል፣ ነጠላ ጫማቸው ተውጧል፣ ክንዳቸው እንደተዘረጋ ስልኩ ሰማይ ላይ ነው። አምቡላንሱ ፊታቸው ቆሞም አላወረዱትም።

«ላውርደው?» አሉ።

«ያውርዱት እናቴ» አለች ሲስተር፣ ቦርሳዋን ይዛ በአጠገባቸው እየሮጠች።

ክፍሉ ውስጥ ገመዳቸው ያልተፈታ ካርቶኖች ግድግዳውን ተደግፈዋል። ሴትየዋ አልጋው ጠርዝ ላይ በጎኗ ሆና ብረቱን ጨብጣለች። ሲስተርን ስታያት ምንም አላለችም፤ ጭንቅላቷን ነቀነቀች ብቻ። ሲስተር ጓንቷን አጥልቃ አየች፤ ጭንቅላቱ ብቅ ብሏል።

«ጎበዝ የኔ ልጅ። ጠብቀሽኛል። በይ አሁን፣ ስልሽ ብቻ።»

ብዙም አልቆየም። ሕፃኗ መጣች፤ ሴት ናት፣ ጸጉራም፣ የምትጮኸው ደግሞ ገና ሙሉ በሙሉ ሳትወጣ። ሲስተር ፎጣ ውስጥ አድርጋ እናቷ ደረት ላይ አስቀመጠቻትና ወዲያው መርፌውን አነሳች። እናቲቱን ጭኗ ላይ ወጋቻት። ከዚያ ሆዷን እያሸች፣ የእንግዴ ልጁን እየጠበቀች፣ ዓይኗን ከጨርቁ ላይ ሳትነቅል ቆየች።  እንግዴ ልጁ ወጣ። ደም መጣ። ደግሞ መጣ። ከዚያ ቀነሰ። ሲስተር ሌላ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋ ጠበቀች። አነሳችው፣ አየችው።

«ቆመልኝ?» አለች ሴትየዋ። ስትወልድ ያላወጣችው ፍርሃት አሁን ዓይኗ ላይ ነበር።

«እጅሽን አምጪ።» ሲስተር እጇን ይዛ ሆዷ ላይ አሳረፈችላት። «ይሄ ጠጣሩ ነገር ተሰማሽ? ማህፀንሽ ነው። እንዲህ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር ደሙን ይዘጋዋል። ቆሞልሻል።»

ሴትየዋ እጇን እዚያው እንዳሳረፈች ሳቀች፤ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። እናቷ ጭቃ በጭቃ እግራቸውን ይዘው በሩ ሥር ተንበረከኩ። ሲስተር እንዲነሱ አልነገረቻቸውም፤ ራሷም ካርቶን ላይ ተቀመጠች።

ባልየው ቀስ ብሎ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«መጣ» አሉ አማቱ እንባቸውን እየጠረጉ። «መንገድ አሳይተሃቸው ጨረስክ?»

«እማማ፣ ይማሩኝ።»

«በሞተር እየዞረ ነበር አይደል?» አለች ሚስቱ። «ሞተር ሰምቻለሁ በስልክ። እኔ አምጣለሁ፣ እሱ ሽርሽር።»

«አምቡላንስ እያባረርኩ ነበር።»

«አምቡላንሱስ?»

«እኔን።»

ሚስቱ ሆዷን ይዛ «አታስቀኝ፣ ያመኛል» አለች። ባልየው አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ የልጁን ፊት አየ፣ የሚስቱን ፊት አየ፣ ደግሞ የልጁን። እጁን ሊዘረጋ ብሎ የሲሚንቶ አቧራ መሆኑን ሲያይ መለሰው። ሲስተር እርጥብ ጨርቅ አቀበለችው።

ጠቅላላ ከበር ውጭ ሆኖ «ስሟን ካላሰባችሁበት እኔ አንድ ሁለት ሐሳብ አለኝ» አለ።

«አንተ አርፈህ መኪናህን አሙቅ» አለችው ሲስተር። «ሆስፒታል ወስደን እናሳያታለን። ወላዷ ቀን ተሌት በሰው ዓይን ሥር መሆን አለባት።»

ወላዷን በቃሬዛ አወጧት፣ ሕፃኗን አያቷ ይዘዋት ተከተሉ። ባልየው ግን አልተሳፈረም። ስልኩን አውጥቶ ደጁ ላይ፣ ሰማዩ በሚታይበት በኩል፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለች ሚስቱ ከቃሬዛው ላይ ቀና ብላ።

«ቤቱን እያስቀመጥኩ ነው። ነጥቧ እስክትረጋ።»

«እንዳትንቀሳቀስ» አሉት አማቱ።

«እንዳትንቀሳቀስ» አለው ጠቅላላ።

እሱም ትንፋሹን ውጦ ቆመ፤ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው። ነጥቧ ረጋች። «ቤት» ብሎ ጻፈባትና ለሚስቱ ላከ፣ ለአማቱ ላከ፣ ለጠቅላላ ላከ፣ ለሲስተርም ላከላት። ከዚያ ሮጦ ተሳፈረ፣ የኋላውንም በር ሲስተር በዳሌዋ ዘጋችው።

እናንተም በሞቴ፣ ይሄን ስትጨርሱ ለአንድ አፍታ ደጃችሁ ውጡ። ሰማይ በሚታይበት ቁሙ፣ ነጥቧ እስክትረጋ ጠብቁ፣ የቤታችሁን ቦታ አስቀምጡና ለምትወዱት ሰው ላኩለት። የክፉ ቀን መጥሪያ አያድርግባችሁ፤ ግን ላኩለት።